ወታደርን ለፀረ-ሽምቅ ግዳጅ ስናሠለጥን ሰዓቱ የት ይሂድ?

ገዢ_መሬት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት እግረኛ ወታደር ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ይህን ክር የከፈትኩት ሁሌም የሚያንገበግበኝ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው። (በዚህ ክር ውስጥ ቀኑም ወሩም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን።)

በመደበኛ ጦርነት ከባዱን ውሳኔ የሚወስኑት የብርጌድና የክፍለ ጦር አዛዦች ናቸው። ተራው ወታደር ጠላቱን ያውቀዋል፤ መለዮው የተለየ ነው፣ ምሽጉ ይታያል፣ መስመሩም የታወቀ ነው። በፀረ-ሽምቅ ዘመቻ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከባዱ ውሳኔ የሚወድቀው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ባለው የጓድ መሪ ትከሻ ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች ይዞ መንደር ይገባል። ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ገበሬ ይሁን ታጣቂ፣ ወይም ቀን ገበሬ ማታ ታጣቂ ይሁን አያውቅም። በሬዲዮ የሚጠይቀው አለቃ ቢኖረውም ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው ነገር መንደሩን ወደ ራሱ ያቀርባል ወይም ለሽምቅ ተዋጊው ያስረክባል።

ታዲያ የሥልጠና ፕሮግራሙን ስንገልጠው ምን እናገኛለን? ተኩስ፣ ማጥቃት፣ መከላከል፣ ሰልፍ፣ አካል ብቃት። መጨረሻው ሳምንት ላይ «ከሕዝብ ጋር ስላለን ግንኙነት» የሚል ንግግር ይጨመራል፤ ወታደሩም በድካም እያንቀላፋ ይሰማዋል። ፈተና ላይ አይመጣም። ያልተፈተነበትን ነገር ወታደር እንደማይጨነቅበት ደግሞ ያሠለጠነ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሊለወጥ እንደሚችል የታየባቸው ቦታዎች አሉ። በ1948 በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ማላያ (ዛሬ የማሌዥያ ክፍል) ውስጥ አመፅ ሲነሳ የእንግሊዝ ሠራዊት ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣ ነበር። ሻለቃ ሙሉ ጦር እያሰለፈ ጫካውን በትልልቅ አሰሳ ያበጥራል፤ አማፂው ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ ይሄዳል። ከዚያ ጆሆር ውስጥ ኮታ ቲንጊ በምትባል ቦታ የጫካ ውጊያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሥራውን ያስጀመረው ዋልተር ዎከር የተባለ መኮንን ነበር። ወደ ማላያ የሚመጣ ሻለቃ መኮንኖቹንና የበታች ሹማምንቱን ቀድሞ ወደዚያ ይልካል፤ እነሱ ተመልሰው የራሳቸውን ሰው ያሠለጥናሉ። በ1952 ጄኔራል ጄራልድ ቴምፕለር መጥቶ የአገሩን አስተዳደርና የዘመቻውን አመራር ሲይዝ፣ በየክፍሉ ተበታትኖ የነበረው ልምድ ኪስ ውስጥ በምትገባ አንዲት መመሪያ እንዲሰበሰብ አደረገ። ደፈጣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቅኝት እንዴት እንደሚወጣ፣ ፍተሻ እንዴት እንደሚደረግ አንድ ወጥ ትምህርት ሆነ።

እኔን የሚማርከኝ መመሪያው ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረውን የሚቀበለው ከጫካ ከተመለሰው ሰው መሆኑ ነው። ባለፈው ወር ሰው ያስገደለ ጉዳይ በዚህ ወር ትምህርት ይሆናል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከሥልጠናው ሰዓት ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት የጓድ መሪው በሰው መካከል ቆሞ የሚወስነው ውሳኔ ነው። በንግግር ሳይሆን በልምምድ፣ በፈተና፣ በሚያስወድቅ ነጥብ። ያሠለጠናችሁ፣ የሠለጠናችሁ፣ በጉዳዩ ላይ ያጠናችሁ፣ ምን ትቀንሳላችሁ? ምንስ ትጨምራላችሁ?

ቃፊር

ገዢ መሬት፣ ያነሳኸው ጉዳይ ከልብ የሚያስማማ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳይሳት እፈራለሁ። «ትልቁ ድርሻ ለውሳኔ» ሲባል ብዙ ሰው «ተኩስ ይቀነስ» ብሎ ይሰማዋል። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው።

ቶሎ የሚተኩሰው በመሣሪያው የማይተማመን ወታደር ነው። ቢጠብቅ እንደሚስት ስለሚያውቅ ቀድሞ ይለቃል፤ አንድ ጥይት በሚበቃበት ቦታ ካዝናውን ያራግፋል። በመቶ ሜትር ላይ የፈለገውን እንደሚመታ እርግጠኛ የሆነ ሰው ግን ሁለት ሰከንድ ለመጠበቅ አቅም አለው። በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ነው ልጅ ይሁን ታጣቂ የሚለየው። ስለዚህ መታገሥን ማስተማር የምንጀምረው ከተኩስ ሜዳ ነው።

ሁለተኛው፣ በትንንሽ ቡድን መንቀሳቀስ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ሁክ የሚባሉትን አማፂዎች ለመዋጋት በ1950 ራፋኤል ኢሌቶ የተባለ መኮንን ስካውት ሬንጀር የሚባለውን ልዩ ክፍል ሲያቋቁም የመረጠው አምስት አምስት ሰው የያዘ ቡድን ነበር። አምስት ሰው ጫካ ውስጥ ቀናት ለመቆየት ምን ያስፈልገዋል? ሁሉም ካርታ ማንበብ አለበት፣ ሁሉም ሬዲዮ መያዝ አለበት፣ ሁሉም ደም ማቆም አለበት። «እሱ የእገሌ ሥራ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ እገሌ ቢመታ ሥራው አብሮ ይሞታልና። ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል፤ ካልተበላለት ግን ሻለቃው ከመኪና መንገድ ሳይወርድ ዓመቱን ይጨርሳል።

ሦስተኛው ሌሊት ነው። አብዛኛው ሠራዊት ሲመሽ ካምፑ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መንደሩን የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው ነው። ግብር የሚሰበስበው፣ የሚዳኘው፣ ልጆች የሚመለምለው በሌሊት ነው። ከልምምዱ ግማሹ በጨለማ ካልሆነ ወታደሩ ጨለማውን ይፈራዋል፤ የፈራውን ነገር ደግሞ በተኩስ ነው የሚመልስለት።

ልማድን ስለማጥፋትም ልበል። አንድ ክፍል በተመሳሳይ ሰዓት ወጥቶ በተመሳሳይ መንገድ ከተመለሰ ደፈጣውን ራሱ አዘጋጀ ማለት ነው። እኔ ሳሠለጥን የጓድ መሪው የሳምንት የቅኝት መስመሮቹን በአንድ ካርታ ላይ እንዲስል አደርጋለሁ። መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ራሱ አይቶ «ፈንጂው የሚቀበረው እዚህ ነው» ይላል። እኔ መናገር አይጠበቅብኝም።

ኬላ_ዘብ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ወደ አንድ ነገር ልግባ፤ ኬላ። በፀረ-ሽምቅ ዘመቻ ንጹሕ ሰው በብዛት ከሚገደልባቸው ቦታዎች አንዱ ኬላ ነው። የሥልጠና ሰዓቱ ግን «አቁም፣ ፈትሽ፣ አሳልፍ» ከማለት አያልፍም።

እኛ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ኬላውን ሆን ብለን ከመንገድ መታጠፊያ ብዙም ሳይርቅ እናቆመዋለን። ሰዓቱን አመሻሽ እናደርገዋለን፤ ፀሐይዋ የሾፌሩ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሾፌሩ ከአሠልጣኞች አንዱ ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች እያወሩ ነው፣ የመኪናው ሬዲዮም ጮክ ብሎ ተከፍቷል። መሬት ላይ የቆመው ሠልጣኝ እጁን ያነሳል። መኪናው አይቀንስም። ይጮኻል። አይቀንስም። መሣሪያውን ያነሳና የልምምድ ጥይቱን ይተኩሳል። መኪናው ይቆማል፤ «ሞተናል» ይሉታል ሦስቱም።

ሠልጣኙ «አልቆም አለኝ» ይላል። ልክ ነው፣ አልቆመም። ከዚያ ያንኑ ሠልጣኝ ሾፌሩ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። መኪናው ተመልሶ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ፀሐይ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ ይመጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል። ምልክቱ የተተከለው ከኬላው 50 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ሾፌሩ ምልክቱን አይቶ፣ ገብቶት፣ ፍሬን ረግጦ ለማቆም ያለው ሁለት ሰከንድ ከምናምን ነው። ሠልጣኙ ይህን ከውስጥ ሆኖ ሲያየው ቆሞ እጁን ያነሳው ጓደኛው ፀሐይ ውስጥ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታየዋል፤ እጁ አይለይም። አብዛኞቹ ከመኪናው ሲወርዱ ማንም ሳያዛቸው ምልክቱን ተሸክመው ወደ ፊት ያርቁታል።

ምልክቱ ራሱስ ይገባል ወይ? ወታደር ለወታደር «ቁም» የሚልበት የተጨበጠ እጅ ለሲቪል ሾፌር ሰላምታ ሊመስለው ይችላል። በመጋቢት 4 ቀን 2005 ኢራቅ ውስጥ ወደ ባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች በተኮሱት ጥይት ኒኮላ ካሊፓሪ የተባለ የጣሊያን የስለላ መኮንን ሞተ። ከአጋቾች ያስለቀቃትን ጋዜጠኛ ይዞ እየሄደ ነበር፤ የተባባሪ አገር ሰው ነው። ለእሱ እንዲህ ከሆነ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ፣ ስሙም ጋዜጣ ላይ ለማይወጣ የመንደር ሾፌር እንዴት ይሆን?

ስለዚህ ለእኔ ኬላ ማለት መጀመሪያ የመሬት ሥራ ነው። መኪናውን የሚያዘገይ ጠመዝማዛ መሰናክል፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት፣ ማታ መብራት። መሬቱ በደንብ ከተሠራ ወታደሩ የሚወስነው ውሳኔ ይቀልለታል።

ተማሪ_ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ወታደር አይደለሁም፤ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ነኝ። የአሜሪካ ሠራዊት በታህሳስ 2006 ያወጣው የፀረ-አማፂ መመሪያ ለ1,000 ነዋሪ 20 የጸጥታ ኃይል ያስፈልጋል እንደሚል ተምረናል። ታዲያ ዋናው ነገር ቁጥሩ አይደለም ወይ? ሥልጠናው ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?

ገዢ_መሬት

ተማሪ ነኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሒሳቡን ሥራው፤ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ላለው አካባቢ 20,000 ሰው ማለት ነው። ያንን ቁጥር ለመሙላት ሲባል ሥልጠናው ያጥራል፤ ምልምሉ ሳይበስል ይወጣል። ያልበሰለ ሃያ ሺህ ሰው መንደር ለመንደር ከተበተነ የሚያፈራው ጠላት ከሚይዘው ይበልጣል። አፍጋኒስታን ውስጥ ወረቀት ላይ የሠራዊቱና የፖሊሱ ቁጥር ወደ 300,000 ደርሶ ነበር። ደመወዝ ብቻ የሚወጣላቸው፣ በአካል የሌሉ ሰዎች መዝገቡ ውስጥ ነበሩበት፤ ያሉት ደግሞ ስንቅና ጥይት፣ የአውሮፕላን ጥገናም ጭምር፣ በሌላ እጅ የሚመጣላቸው ነበሩ። ነሐሴ 2021 ላይ ታሊባን አገሩን ሲይዝ የሆነውን ሁሉም አይቷል። ቁጥሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ ከሥልጠና የሚቀድም ግን አይደለም።

ሕግ_ወዳድ

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ ለወታደሮች የጦርነት ሕግ አስተምሬያለሁ። ገዢ መሬት ስለማንቀላፋት የጻፉት እውነት ነው። ቢሆንም ጥፋቱ የወታደሩ አይደለም። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአዳራሽ ሲነበብለት እንዴት አያንቀላፋ?

አንቀጹ የሚለው ቀላል ነው። በአገር ውስጥ ግጭትም ቢሆን፣ በውጊያው የማይሳተፍን፣ መሣሪያ ያስቀመጠን፣ የቆሰለን፣ የተያዘን ሰው መግደል፣ ማሰቃየት፣ ማዋረድ፣ ማገት ክልክል ነው። ወታደሩ ይህን ሲሰማ አዎ ይላል። ፈተናው የሚመጣው አለቃው ሌላ ነገር ሲያዘው ነው።

መጋቢት 16 ቀን 1968 ቬትናም ውስጥ ማይ ላይ መንደር የሆነውን አስታውሱ። የአሜሪካኖቹ የራሳቸው ቆጠራ 347 ሰው፣ የቬትናም ቆጠራ 504 ሰው ተገደለ ይላል፤ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ቡድን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ክፍሉ ስለ ጦርነት ሕግ የወሰደው ሥልጠና ደካማ መሆኑን ነበር። ያው ቀን፣ ያው ቦታ ላይ ሂዩ ቶምፕሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ ከላይ ሆኖ የሚሆነውን አየ። ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት ነዋሪዎች መካከል አሳረፈ። አብረውት ለነበሩት ሁለት ወታደሮች፣ የእኛ ሰዎች ነዋሪዎቹ ላይ ቢተኩሱ እናንተም ተኩሱባቸው አላቸው። ሰዎችን አስወጣ። ሽልማቱን በአግባቡ ያገኘው በ1998፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

እኔ የምለው፣ ልምምዱ ውስጥ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ይግባበት። አሠልጣኙ የመቶ መሪ ሆኖ ይጫወትና እጁን የሰጠውን ሰው «ጨርሰው» ይበል። ሠልጣኙ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ዝም ብሎ ይቆማል፤ እምቢ ማለትን አፉ አልለመደውም። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው ተይዟል፤ ትእዛዙን አልፈጽምም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ሲደጋግመው ግን አንደበቱ ይፈታል። እምቢታ የሚለመድ ነገር ነው። መሣሪያ መፍታትና መግጠም ዓይን ተሸፍኖ ይለመድ የለም?

ቃፊር

ሕግ ወዳድ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወታደር ትእዛዝ ላይ መከራከር ከጀመረ ደፈጣ ውስጥ ሲገባም ይከራከራል ብለው የሚሰጉ አዛዦች አሉ። ምን ትላቸዋለህ?

ሕግ_ወዳድ

ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው ወንድሜ። ደፈጣ ውስጥ «ወደ ቀኝ ሩጥ» ሲባል ይሮጣል። እምቢ የሚልባቸው ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የተያዘ ሰው አይገደልም፣ አይሰቃይም፣ ቤት አይቃጠልም፣ አይዘረፍም፣ ሴት አትደፈርም። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ነው ሊለመድ የሚችለው። አዛዡም በጊዜ እምቢ የሚለው ወታደር ቢኖረው ከጦር ፍርድ ቤት ይድን ነበር።

አስተርጓሚው

እኔ የሠራሁት በአስተርጓሚነት ነው፤ ከማን ጋር፣ የት የሚለው ይቅር። ስለ እኛ ማንም አያነሳም።

ወታደሩ ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያየው እኔን ነው። ሽማግሌው ደግሞ ወታደሩን ያያል፣ መልሱን ለእሱ ይነግረዋል፣ ወታደሩ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ሽማግሌው ያኔ ይናቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። ወታደሩ አምስት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ ይናገርና «ንገረው» ይለኛል። ወይም ሰው በተሰበሰበበት «የታጠቁ ሰዎች አይተሃል?» ብሎ እንድጠይቅለት ይፈልጋል። ሽማግሌው ጎረቤቱ እየሰማ «አዎ» ካለ ማታ ይሞታል። እኔም አብሬ።

እነዚህ ነገሮች በግማሽ ቀን ልምምድ ይስተካከላሉ። ፊትህን ለሰውየው አድርግ። አጭር ተናገር። አስቸጋሪውን ጥያቄ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቅ፤ ብቻችሁን ለመሆን ደግሞ ሁሉንም ቤት እኩል ግባ፣ አንዱ ቤት ብቻ ተለይቶ እንዳይታወቅ። አስተርጓሚው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቅ፤ ከመንደሩ ጋር የቆየ ቂም ካለው የምትሰማው የእሱን ቂም ነው።

በልምምዱ ላይ ነዋሪ ሆነው የሚጫወቱት ሰዎች የወታደሩን ቋንቋ በጭራሽ መናገር የለባቸውም። አሜሪካኖቹ ሦስተኛው ብረት ለበስ ፈረሰኛ ሬጅመንት በ2005 ወደ ኢራቅ ከመሄዱ በፊት ኮሎራዶ ውስጥ ያደረጉት ይህንን ነበር። ኤች አር ማክማስተር የሚያዝዘው ክፍል ነው። አረብኛ ተናጋሪዎችን አምጥተው ልምምድ ሠሩ፤ ከአሥር ወታደር አንዱ መጠነኛ አረብኛ እንዲማር አደረጉ። በሰሜን ኢራቅ ታል አፋር ከተማ ላይ የተሻለ ሥራ ሠርተዋል ተብሎ ብዙ ተወራላቸው፤ ከሥራው በፊት ያለቀው ልፋት ግን ብዙም አይነገርም።

ጥላ_ሥር

ጥሩ ውይይት ነው፤ ግን ልብ በሉ። ያቺው ታል አፋር በ2014 እንደገና በታጣቂዎች እጅ ወደቀች። ክፍሉ ሄደ፣ ተተኪው ያንን ዝምድና አልወረሰም፣ ከላይ ያለው ፖለቲካም አልተስተካከለም። ሥልጠና ፖለቲካን አይተካም። ፈረንሳዮች በ1957 አልጀርስ ከተማን በኃይልና በማሰቃየት ጸጥ አሰኙ፤ ለፀረ-ሽምቅ የተቋቋመ ማሠልጠኛም አርዜው ላይ ነበራቸው። በ1962 አልጄሪያ ነፃ ወጣች።

ሌላም አለ፤ አዛዡ የሚሸልመው ነገር ወታደሩ ከተማረው ሁሉ ይበልጣል። ኮሎምቢያን ውሰዱ። ከ1955 ጀምሮ ላንሴሮ የሚባል የፀረ-ሽምቅ ትምህርት ቤት አላቸው፤ በሙያ ደረጃ የሚናቅ ሠራዊት አይደለም። ነገር ግን የአንድ ክፍል ስኬት በተገደለ አማፂ ቁጥር ሲለካ፣ ለቁጥሩም የዕረፍት ፈቃድና ሽልማት ሲሰጥ፣ ድሃ ልጆች በሥራ ስም እየተታለሉ ተወስደው ተገደሉና የአማፂ ልብስ ተደረገላቸው። ጉዳዩን የያዘው ልዩ የሰላም ፍርድ ቤት ከ2002 እስከ 2008 ብቻ ቢያንስ 6,402 ሰዎች እንዲህ መገደላቸውን አስታውቋል። እነዚያ ወታደሮች ትምህርት ጎድሏቸው አይደለም። ምን እንደሚያስመሰግን በደንብ ተምረው ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው ከሻለቃና ከብርጌድ አዛዦች ይጀምር። የጓድ መሪውን ብቻ ማሠልጠን ውሃ ወቀጣ ይሆናል።

አወያይ

ውይይቱ ደስ ይላል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ አሁን እየተካሄዱ ስላሉ ግጭቶች ወይም ስለ የትኛውም ክፍል አሰፋፈር የሚጠቅስ ነገር አትጻፉ። አንድ ምላሽ በዚሁ ምክንያት አንስቻለሁ።

የመስክ_ሐኪም

በጥሞና ሳነብ ቆይቼ ነው። አንድ ነገር አልተነሳም፤ ጓደኛው የሞተበት ወታደር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት ፈንጂ ፈንድቶ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ኅዳር 19 ቀን 2005 ሃዲታ ኢራቅ ውስጥ መንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ አንድ የአሜሪካ ማሪን ሞተ፤ በተከታዮቹ ሰዓታት 24 ሲቪሎች ተገደሉ፣ ከእነሱም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፈንጂ የሚቀብረው ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ወታደር ገድሎ ክፍሉ ራሱ መንደሩን እንዲያጠፋለት።

ልምምድ ላይ «ቁስለኛ አለ» ይባልና ደም ማቆም፣ ማንሳት፣ ሄሊኮፕተር መጥራት ይፈተናል። ከዚያ ልምምዱ ያበቃል። ለምን ያበቃል? ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው። ቃሬዛው ከሄደ በኋላ ያው ጓድ፣ እጁ ላይ ደሙ ሳይደርቅ፣ አጠገቡ ያሉትን ቤቶች በሥርዓት ይፈትሽ። ነዋሪ ሆኖ የሚጫወተው ሰው «አላየሁም» ይበለው። የጓድ መሪው የማንን ፊት ማየት እንዳለበት፣ ማንን ከበር ላይ ማንሳትና ወደ ኋላ ማስቀረት እንዳለበት ያኔ ይማራል። አንዳንድ ልጅ በዚያ ሰዓት በር ላይ መቆም የለበትም፤ መሪው ይህን የሚያውቀው እንቅልፍ ያጡትን፣ የማይበሉትን፣ ዝም ያሉትን ቀድሞ ያስተዋለ እንደሆነ ነው። ይህም ይሠለጠናል።

ኬላ_ዘብ

ዶክተር፣ ይህን ከዛሬ ጀምሮ እኛም እንጨምረዋለን። አመሰግናለሁ።

አዲስ_አሠልጣኝ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ገና አሠልጣኝ ሆኜ የተመደብኩ ነኝ። ያነበብኩት ሁሉ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የእንግሊዞቹ የጫካ ትምህርት ቤት፣ አረብኛ ተናጋሪ ቅጥር፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ባዶ ሜዳና ጥቂት ጥይት ብቻ ያለው ምን ያድርግ?

ገዢ_መሬት

አዲስ አሠልጣኝ፣ አይዞህ። እንግሊዞች ለሰሜን አየርላንድ ግዳጅ ወታደር የሚያዘጋጁባቸውን የልምምድ ከተሞች ሲሠሩ ሠልጣኞቹ ላይ ድንጋይ የሚወረውሩት፣ የሚሰድቡት፣ መስኮት ላይ ቆመው የሚያላግጡት ከሌላ ክፍል የመጡ ወታደሮች ነበሩ። ሰው አለህ፤ እሱ ይበቃል። ቤቶቹን በገመድና በእንጨት ምልክት አድርግ። በሩ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚተኛበት ይታወቅ።

ለነዋሪዎቹ ታሪክ ስጣቸው። አንዱ ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ተጣልቷል፤ ስለዚህ ጎረቤቱን በሐሰት ይጠቁማል። አንዷ ልጇ ከአማፂው ጋር ሄዷል፤ ስለዚህ ትዋሻለች፣ ግን ክፉ ሰው አይደለችም። አንዱ እውነተኛ መረጃ አለው፣ በሰው ፊት ግን አይናገርም። ሦስቱንም በወረቀት ጻፍና ስጣቸው፤ ለሠልጣኞቹ ምንም አትንገር። ልምምዱን ለአንድ ከሰዓት ሳይሆን ለተከታታይ ቀናት አድርገው፤ ሰኞ በስድብ የተፈተሸው ቤት ሐሙስ ፈንጂ ያለበትን መንገድ እያወቀ ዝም ይበል። ሠልጣኙ የሠራውን ሥራ ውጤት ራሱ ይቅመሰው። ይህን የሚያህል አስተማሪ እኔ አላየሁም፤ አንድ ጥይት አያስወጣም።

ጥላ ሥር ያነሱትን ሽልማት በተመለከተ ደግሞ ውጤት አሰጣጥህን ቀይር። በልምምዱ ማብቂያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ገደላችሁ?» አይሁን። «የማንን ስም አወቃችሁ? ማን ምን ነገራችሁ? ለምን ነገራችሁ?» በል። ከዚያ ነዋሪ ሆነው የተጫወቱት ግምገማው ላይ ይቀመጡና ወታደሩ ፊት ለፊት የተሰማቸውን ይናገሩ። አዛዡም ይገኝ፤ ይስማ፤ ነጥቡን የሚፈርመው እሱ ይሁን። የተያዘ ሰው ከተመታ ወይም ቤት ከተዘረፈ የተኩስ ውጤቱ የፈለገ ይሁን ጓዱ ወድቋል፤ ልምምዱን ይደግማል።

ቃፊር ስለ ሌሊት ያለውን አትርሳ። ከቻልክ ግማሹን በጨለማ አድርገው። ችግር ሲገጥምህ እዚሁ ጻፍልን፤ የመንደሩን ነዋሪዎች ታሪክ አንድ ሁለት አዘጋጅቼ እልክልሃለሁ።

አዲስ_አሠልጣኝ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሐሰት ጥቆማ የሚሰጠውን ሰውዬ ታሪክ ቢልኩልኝ ከእሱ እጀምራለሁ።